ከጠፈጠፍ እስከ መውረጃ፦ የጣራ አሸንዳ ክፍሎች የስም ታሪክ

መግቢያ

የአንድ ዕቃ ስም መጉደሉ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው ከአንድ የትምህርት ቤት ግድግዳ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት የተዘጋጀን የሕንፃ ሥራ ዝርዝር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ተሰጥቶት ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የጣራ ውሃን የሚመለከቱ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው በጣራው ጠርዝ ሥር አግድም ስለሚሰቀለው ዕቃ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከዚያ ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ስለሚወርደው። በተርጓሚው እጅ ያለው ቃል ግን አንድ ብቻ ነበርና ሁለቱንም «አሸንዳ» ብሎ ጻፋቸው።

ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ዝርዝሩን ሲያነብ አንድ ዕቃ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተጻፈ መሰለው። አንዱን ሰርዞ አንዱን ሠራ። አግድሙ ተሰቀለ፤ ቁልቁሉ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ከሰፊው ጣራ የተሰበሰበው ውሃ ሁሉ ወደ አሸንዳው ዝቅተኛ ጫፍ እየሮጠ ከአንድ ማእዘን ሥር ይደፋ ጀመር። ነሐሴ ሳያልቅ የማእዘኑ መሠረት ተሸረሸረ፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ በመስከረም ሊከፈት የታሰበው ክፍል ተዘጋ። አሸንዳ ጨርሶ ባይሰቀል ኖሮ ውሃው በጣራው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ይወርድ ስለነበር ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ጥፋቱ የተቋራጩ አልነበረም፤ የተርጓሚው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የመሰለ ጥፋት የሚወልደውን የስም ጉድለት ከሥሩ መመርመር ነው። አማርኛ ስለ ጣራ ውሃ የሚናገርበት ቃል አላጣም፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ቃሉ ሞልቷል። ሊመረመር የሚገባው የዕቃው ክፍሎች ለምን ተለያይተው እንዳልተሰየሙ ነው። ለዚህ የሚቀርበው መልስ አጭር ነው፤ የክፍል ስም የሚወለደው በመጋጠሚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ተነጥሎ ሲገዛ፣ ተነጥሎ ሲሰበርና ተነጥሎ ሲለወጥ ያን ጊዜ የራሱን ስም ይሻል። የቀረው የጽሑፉ ክፍል ይህን አሳብ በታሪክ ይፈትሻል፤ በመጨረሻም ለውይይት የሚሆኑ ስሞችን ያቀርባል።

1. የውሃው መንገድ

ከስሙ አስቀድሞ ዕቃውን መመልከት ይገባል። ዝናብ በጣራ ላይ ሲወርድ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ይሮጣል። በዚያ ጠርዝ ሥር፣ በወራጆቹ ጫፍ ላይ በተመታ ጣውላ፣ ግማሽ ክብ ወይም አራት ማእዘን ቅርፅ ያለው ክፍት ቦረቦር በብረት ማንጠልጠያዎች ይሰቀላል። ቦረቦሩ ፍጹም አግድም ቢሆን ውሃው ይቆምበታል፤ ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ አንድ ወገን ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ሁለቱ ጫፎቹ ይደፈናሉ። በዝቅተኛው ቦታ ላይ ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ቅጠልና ጭራሮ እንዳይገባበትም የሽቦ ማጥለያ ይደረግበታል።

ከቀዳዳው ሥር ቱቦ ይጀምራል። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ ቱቦው መጀመሪያ ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎም ወደ ታች ለመዞር ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት። ከዚያ በኋላ በመቆንጠጫ እየተያዘ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል፤ መሬት ሲቃረብም ውሃው ከመሠረቱ እንዲርቅ ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል። በመጨረሻ ውሃው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አርፎ ወደ ቦይ ወይም ወደ ማጠራቀሚያ ይሄዳል።

በዚህ አጭር መንገድ ላይ ጣውላው፣ ማንጠልጠያው፣ ቦረቦሩ፣ መድፈኛው፣ ቀዳዳው፣ ማጥለያው፣ ቱቦው፣ እጥፋቱ፣ መቆንጠጫው፣ የቱቦው ግርጌና ድንጋዩ ይቆጠራሉ፤ ዐሥራ አንድ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱም የየራሱ ሥራ አለው። ማጥለያው ቢጎድል ቱቦው ይዘጋል፤ መድፈኛው ቢጎድል ውሃው በጎን ይደፋል፤ የግርጌው እጥፋት ቢጎድል ውሃው መሠረቱን ይበላል። ለግንበኛው ዐሥራ አንድ የሆነው ነገር በትርጉም ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ «አሸንዳ» ሆኖ ይቀራል።

2. ሌሎች ቋንቋዎች እንዴት ሰየሙት?

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ እንዳይመስል የሌሎችን ልምድ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የሕንፃ ጥበብ መጽሐፍ በቤተ ጣዖት ጣራ ጠርዝ ላይ ስለሚቀረጹ የአንበሳ ራሶች መመሪያ ሰጥቷል። ከዐምዶቹ ትይዩ የሚውሉት ራሶች ተበስተው ውሃ እንዲተፉ፣ በዐምዶች መካከል የሚውሉት ግን ሳይበሱ እንዲቀሩ ይመክራል፤ በመካከል የሚያልፍ ሰው በውሃ እንዳይመታ ነው። በዚህ ዓይነት ሕንፃ ውሃው ከአንበሳው አፍ ወጥቶ በአየር ላይ ይወርዳል። ሮማውያን የሸክላ ቱቦን ቢያውቁም አንበሳው ራሱን የቻለ መጨረሻ ነበር።

ቁልቁል የሚወርደው ክፍል ከአግድሙ የተለየ ምክንያት እንዳለው የሚያስረዳ ማስረጃ ከእንግሊዝ አገር ይገኛል። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1240 የለንደንን ታላቅ ግንብ በኖራ ካስቀባ በኋላ ውሃው የግድግዳውን አዲስ ኖራ እንዳያበላሽ ከላይ የሚያፈሱት የእርሳስ አሸንዳዎች እስከ መሬት ድረስ እንዲወርዱ አዘዘ። ከዚህ ትእዛዝ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። አግድሙ ሰውን ከውሃ ይጠብቃል፤ ቁልቁሉ ግድግዳን ከውሃ ይጠብቃል። ሁለት ሥራ ስለ ሆነ ሁለት ስም ያስፈልገዋል። ከዚህ በላይ የተነገረው ትምህርት ቤትም የተጎዳው ንጉሡ የፈራው ነገር ስለ ደረሰበት ነው።

ስሞቹን ስንመረምር የሰያሚዎቹ ዐይን በምን ላይ እንዳረፈ እናያለን። የእንግሊዝኛው «ጋተር» ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ በላቲን ጠብታ ማለት የሆነው «ጉታ» ነው። ጣሊያንኛ «ግሮንዳያ» የሚለው ግን የጣራ ጠርዝ ከሚባልበት «ግሮንዳ» ከሚለው ቃል ነው። ጀርመንኛ ጣራንና ቦይን አጣምሮ «ዳኽሪነ» ይለዋል። እንግዲህ አንዱ ከጠብታው፣ ሁለተኛው ከቦታው፣ ሦስተኛው ከመንገዱ ሰየመው። በመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ላይ በአውሬ አምሳል የተቀረጸው ውሃ መትፊያ «ጋርጎይል» ደግሞ ስሙን ያገኘው ጉሮሮ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በሴማውያን ቋንቋዎች ዐረብኛ «ሚዛብ»፣ ዕብራይስጥ «ማርዜቭ» ይላሉ፤ በመካ የካዕባ ጣራ ላይ ያለው የወርቅ መትፊያም የሚጠራው በዚሁ በ«ሚዛብ» ነው።

የሰፊ ቃል ችግር በእነዚህ ቋንቋዎችም አለ። በእንግሊዝኛ «ጋተር» የጣራውንም፣ የመንገዱን ዳር ቦይም፣ በማተሚያ ቤት ቋንቋ ደግሞ የሁለት ትይዩ ገጾችን የውስጥ ኅዳግ ያመለክታል። ቢሆንም ሠራተኛው ቁልቁል የሚወርደውን በዚህ ስም ስለማይጠራው አደጋው ቀሏል።

3. የሣር ክዳንና ውቅር አለት

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በደጋው አገር የኖረው ጎጆ ክብ ነው፤ ክዳኑም ከጉልላቱ ጀምሮ በዙሪያው ያዘቀዘቀ ሣር ነው። ሣር ዝናብን እንደ ብረት ወዲያው አይሰድም። ይጠጣል፤ ያዘገያል፤ ከዚያም በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ በጠብታ ይለቀዋል። ይህ ከክዳን ጠርዝ የሚወርድ ውሃ በአማርኛ ጠፈጠፍ ይባላል። ቃሉ «ተንጠፈጠፈ» እና «እንጥፍጣፊ» ከሚሉት ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ ሁሉም ጥቂት በጥቂት የሚወርድን ነገር ያመለክታሉ። ላቲን በ«ጉታ» ያየውን አማርኛ በ«ጠፈጠፍ» አይቶታል ማለት ነው።

ለጠፈጠፍ መፍትሔው በጣራው ላይ አልነበረም፤ በመሬት ላይ ነበር። ባለቤቱ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቀዳል፤ ውሃውም ወደ ጓሮ ወይም ወደ ገደል ይሄዳል። የቦዩ ጥበብ ከማሳው የመጣ ነው። ገበሬው በማሳው ላይ በበሬ የሚያወጣው የውሃ ማስወገጃ ፈሰስ ይባላል። ፈሰሱ ከመጠን በላይ ካዘቀዘቀ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ ዝቅታው ካነሰም ውሃው ይተኛበታል። የአሸንዳ ሠሪ ዛሬ በሳንቲሜትር የሚለካውን ዝቅታ ገበሬው በዐይኑ ሲለካው ኖሯል።

በጎጆው ጠርዝ ላይ አሸንዳ ያልተሰቀለበት ሌላም ምክንያት አለ። አሸንዳ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይሻል፤ የጎጆው ጠርዝ ክብ ነው። ስለዚህ «አሸንዳ» የሚለው ቃል በአማርኛ የኖረው ውሃን ተቀብሎ የሚመራ ማንኛውንም ቦረቦር ነገር ሊያመለክት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ከአንድ እንጨት ተቦርቡሮ የሚወጣ ነው፤ የሚገጣጠም ነገር ስለሌለው የክፍል ስም አላስፈለገውም።

የዚህ አሳብ ፍጹም ምሳሌ በላሊበላ ይታያል። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ከመሬቱ ጋር ተስተካክሎ በመስቀል ቅርፅ የተወቀረ ሲሆን ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጡ መትፊያዎች ከጠርዙ ወጥተው ይታያሉ። ጣራው፣ ግድግዳውና መትፊያው አንድ አለት ናቸው። ጠራቢዎቹ የውሃን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ያለዚያ በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ በየክረምቱ ኩሬ ይሆን ነበር። ሆኖም መጋጠሚያ በሌለበት ሥራ ላይ ማንም «ማያያዣውን አቀብለኝ» ሊል አይችልም። ዕውቀቱ በድንጋዩ ውስጥ ቀረ፤ ለክፍሎቹ ስም የሚያስፈልግበት ጊዜ አልመጣም።

በግእዝ በኩል ግን አንድ ቃል ከጣራ ጋር ተያይዞ ይገኛል። በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 89 ስለ ጥፋት ውሃ በሚናገረው ራእይ ውስጥ አንድ ከፍ ያለ ጣራ፣ በላዩም ሰባት «አስራብ» ይታያሉ፤ ከእነርሱም ብዙ ውሃ ይፈስሳል። ቃሉ የሰማይን የውሃ መውረጃ የሚያመለክት ነው። ለቃላት ሥራ የግእዝን መዝገብ የሚያገላብጥ ሊቅ በዚህ ስም ቢማረክ አይፈረድበትም። ነገር ግን የጥፋት ውሃን ያወረደ ቃል በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ለተመታ ቆርቆሮ ሲውል ይከብዳል፤ ሠራተኛውም አይቀበለውም። «አስራብ» በቦታው ይኑር።

4. ቆርቆሮ ሲመጣ

ለውጡን ያመጣው የክዳን መለወጥ ነው። የተሸበሸበ የብረት ክዳን በእንግሊዝ አገር በሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስም የባለ መብትነት ወረቀት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ በዚንክ መለበጥም እ.ኤ.አ. በ1837 በፈረንሳይና በእንግሊዝ የባለ መብትነት ወረቀት ተሰጠበት። ሁለቱ ፈጠራዎች ሲገናኙ ቀላል፣ ተደራርቦ የሚጫንና ረጅም ዕድሜ ያለው ክዳን ተገኘ።

ይህ ክዳን አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ወደ መናገሻ ከተማዋ መግባት ጀመረ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ጭነቱ ቀለለ። ቆርቆሮ ከቤተ መንግሥትና ከባለ ጸጎች ቤት ወደ ተራው ሰው ቤት ወረደ፤ አያሌ የሣር ክዳን አብያተ ክርስቲያናትም በ20ኛው መቶ ዓመት ክዳናቸውን ለወጡ። ከክዳኑም ጋር የቤቱ ቅርፅ ተለወጠ። ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወዳልና ክቡ ጎጆ ለአራት ማእዘኑ ቤት ቦታ ለቀቀ፤ ለአሸንዳ የሚስማማው ቀጥ ያለ ጠርዝም ያን ጊዜ ተገኘ።

ቆርቆሮ አንድ ጠብታ አይጠጣም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 160 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው የክፍል ጣራ 4,800 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ጣራው በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ከእያንዳንዱ ወገን 2,400 ሊትር ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ አሸንዳ ተሰብስቦ ያለ መውረጃ ከአንድ ማእዘን ሥር ሲደፋ ምን እንደሚያደርግ በመግቢያው ላይ ተመልክቷል። የጭቃ ምርጊት ላለበት ግድግዳ ደግሞ ፍንጥቅጣቂው ብቻውን ይበቃል።

በቋንቋውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። «ጠፈጠፍ» የዝግታ ቃል ነው። ከቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ በጠብታ አይወርድም፤ እንደ ጅረት ይወርዳል። ዕቃውም ከአንድ እንጨት የሚቦረቦር መሆኑ ቀርቶ ከልዩ ልዩ ቁራጮች የሚገጣጠም ሆነ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ቦረቦሩን ለብቻ፣ ቱቦውን ለብቻ፣ እጥፋቱን ለብቻ ይሠራል፤ በቅርብ ዘመን ደግሞ የፕላስቲክ አሸንዳ በየክፍሉ ተነጥሎ ይሸጣል። መጋጠሚያው መጣ፤ የክፍል ስምም አስፈለገ። ከውጭ የገባው ዕቃ ግን ስሞቹን ከውጭ ይዞ ገባ።

5. መልካቸው የሚያሳስት ቃላት

በሕንፃ ሥራ ቋንቋችን ውስጥ የገቡት የውጭ ቃላት፣ በተለይም ከጣሊያንኛ የተወረሱት፣ እንግዳነታቸው ቀርቶ የራሳችን ሆነዋል። ላሜራ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቡሎንና ካቻቪቴ ያለ ተርጓሚ የሚግባቡባቸው ቃላት ናቸው። እነዚህን ለማስወጣት መድከም ከንቱ ነው። ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡት በድምፅ ያው ሆነው በትርጉም የተለወጡት ናቸው። ለጣራ ጠርዝ ሥራ ሦስቱ ዋና ናቸው።

የመጀመሪያው ኮርኒስ ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ ቃል በግድግዳ ራስ ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራውን ጌጠኛ ጠርዝ ያመለክታል፤ አሸንዳም ብዙ ጊዜ የሚውለው በዚያው አካባቢ ነው። በአማርኛ ግን ኮርኒስ ማለት ከጣራ በታች፣ ከክፍሉ በላይ የሚመታው ክዳን ነው። ድምፁን ብቻ ተከትሎ «አሸንዳው በኮርኒሱ ላይ ይሰቀል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ውሃውን መኝታ ቤት ያስገባዋል።

ሁለተኛው ፋሻ ነው። በጣሊያንኛ መቀነት ወይም ጥብጣብ ማለት የሆነው ቃል በአማርኛ የቁስል መጠቅለያ ሆኖ ጸንቷል። አሸንዳ የሚሰቀልበት ጣውላ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃልም ከዚያው ከአንዱ የላቲን ሥር የወጣ ነው። ቃሉን በፊደላችን ጽፎ ማሳለፍ ቀላል ይመስላል፤ አንባቢው ግን ጣራው የቆሰለ ይመስለዋል። እዚህ ላይ «የክፈፍ ጣውላ» ማለት ይሻላል፤ ክፈፍ የአንድን ነገር ጠርዝ ዙሪያ እንደሚያመለክት ማንም ያውቃልና።

ሦስተኛው ቱቦ ነው። ይህ ቃል አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ሰፍቷል። በከተማ አነጋገር ቧንቧ ንጹሕ ውሃን ወደ ቤት ያመጣል፤ ቱቦ ግን ይበልጡን ውሃን ከቤትና ከመንገድ ይወስዳል። ይህ ሕዝቡ ራሱ ያበጀው መልካም ልዩነት ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባል፤ የጣራን ውሃ የሚያወርደውን ክፍል ቧንቧ ማለት አይገባም። ቢሆንም ቱቦ ብቻውን ከመንገድ ሥር የተቀበረውንም ስለሚጨምር ለዚህ ክፍል የተለየ ስም አይሆንም።

ከነዚህ ጋር አንድ የራሳችንን ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ቁልቁል የሚሄደውን «ወራጅ» ለማለት የሚከጅል ይኖራል። ነገር ግን ወራጅ በአናጢዎች ዘንድ ክዳኑን የሚሸከመው አዘቅዝቆ የሚወርድ እንጨት ስም ነው። በአንድ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ወራጅ ከተገኘ ሁለት አሸንዳ ያመጣው ጥፋት ይደገማል።

6. «አሸንዳ» በመዝገበ ቃላት

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ከቤቱ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የስሙ ጉድለት ምክንያት ይበልጥ ይገለጣል። የአንቷን ዳባዲ መዝገበ ቃላት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1881፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ነው። የኢግናሲዮ ጊዲ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ባቡር ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ታተመ። የታላላቆቹ ሊቃውንት የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም.፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለንባብ በቁ። የእነዚህ ሊቃውንት ጆሮ ለግእዝና ለባላገሩ አማርኛ የተከፈተ ነበር፤ ውለታቸውም በዚያ ነው። የቆርቆሮ ቀጥቃጩ ቃል ግን በመጻሕፍትም በግብርናም ውስጥ የለም፤ በመርካቶ ጫጫታ ውስጥ ነው። መዝገበ ቃላት ሠሪ እዚያ ድረስ ካልሄደ ቃሉ ሳይመዘገብ ይጠፋል።

ለመዝገበ ቃላት ሠሪው ሌላም ጥንቃቄ ይቀራል። በሰሜን ኢትዮጵያ በነሐሴ ወር፣ ከጾመ ፍልሰታ መፈታት ጋር ተያይዞ፣ ልጃገረዶች የሚያከብሩት በዓል በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። «አሸንዳ» የተባለው በወገባቸው ከሚያሸርጡት ረጅም ለምለም ሣር የተነሣ ነው። ይህና የጣራው አሸንዳ በፊደልም በድምፅም አንድ ቢሆኑም በትርጉም አይገናኙምና ሁለት ራሳቸውን የቻሉ መግቢያዎች ሊሰጣቸው ይገባል። በአንድ መግቢያ ሥር ተራ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ቢደረደሩ አንባቢ የልጃገረዶቹ በዓል ከጣራ ውሃ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለዋል፤ ወሩ ነሐሴ መሆኑም ስሕተቱን ያባብሰዋል።

7. ለውይይት የሚቀርቡ ስሞች

አማርኛ የዕቃን ክፍል ሲሰይም የሚሄድበት የቆየ መንገድ አለው። ከሰውነት ክፍል ይወስዳል፤ የእንስራ አፍ፣ የጀበና አንገትና ጆሮ፣ የአልጋ እግር ይላል። ወይም ከግሥ የመሣሪያ ስም ያወጣል፤ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ማንጠልጠያ ይላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት በእነዚህ ሁለት መንገዶች የተመረጡ ናቸው። አብዛኞቹ አዲስ ቃላት አይደሉም፤ ለታወቀ ቃል የታወቀ ቦታ መስጠት ብቻ ነው።

አሸንዳ፦ በጣራ ጠርዝ ሥር አግድም ተሰቅሎ የጣራውን ውሃ የሚቀበል ክፍት ቦረቦር። ከዚህ ሌላ ለማንኛውም ክፍል አይዋል።

መውረጃ፦ ውሃውን ከአሸንዳው ተቀብሎ በግድግዳ ላይ ወደ መሬት የሚያወርድ ቱቦ።

የክፈፍ ጣውላ፦ በወራጆች ጫፍ ላይ ተመቶ አሸንዳውን የሚሸከም ጣውላ።

ማንጠልጠያ፦ አሸንዳውን ከክፈፍ ጣውላው ጋር የሚይዝ ብረት።

መድፈኛ፦ የአሸንዳውን ጫፍ የሚዘጋ ክፍል።

አፍ፦ አሸንዳው ውሃውን ለመውረጃው የሚሰጥበት ቀዳዳ።

ወንፊት፦ በአፉ ላይ የሚደረግ የቅጠልና የጭራሮ ማጥለያ።

ክርን፦ የመውረጃው እጥፋት። ሁለት ሲሆኑ የላይ ክርንና የታች ክርን ይባሉ።

መቆንጠጫ፦ መውረጃውን ከግድግዳ ጋር የሚይዝ ክፍል።

እግር፦ ወደ ውጭ የታጠፈው የመውረጃው ግርጌ።

ማረፊያ ድንጋይ፦ ከእግሩ የሚወጣው ውሃ መሬቱን እንዳይቆፍር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ።

ዝቅታ፦ አሸንዳው ወደ አፉ የሚያዘቀዝቅበት ልክ። ክፍል ሳይሆን ልክ ቢሆንም ያለ እርሱ የቀሩት አይሠሩም።

ለጠቅላላው «የአሸንዳ ሥራ» ማለት ይበቃል። «ጠፈጠፍ» ግን አሸንዳ ከሌለው ጠርዝ ለሚወርደው ውሃ በጥንት ትርጉሙ ይጠበቅ፤ ተርጓሚው አሸንዳ የሚያስቀረውን ነገር በአንድ ቃል ለመናገር ሲፈልግ ያገኘዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የታየው ታሪክ ለቃላት ሥራ አንድ ሥርዓት ያስተምራል። ውቅሩ አለት፣ የተቦረቦረው እንጨትና የሣሩ ክዳን የክፍል ስም አላስፈለጋቸውም፤ የማይገጣጠሙ ናቸውና። የተገጣጠመው ቆርቆሮ ስም አስፈለገው፤ ሰያሚ ግን በጊዜው አልተገኘለትም። ስለዚህ አንድ የሙያ መስክ ለስያሜ ሲቀርብ ሰያሚው ዕቃው ከስንት ቁራጭ እንደሚገጣጠም አስቀድሞ ይቁጠር፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሠራተኛው ለባልደረባው ምን ብሎ እንደሚጣራ ይጠይቅ፤ ባዶ ሆኖ ባገኘው ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ስም ያኑር። ከቆርቆሮ ቀጥቃጩ አፍ የሚገኘው ቃል ከላይ ከቀረበው የተሻለ ሆኖ ከተገኘ ከላይ የቀረበው ይሰረዝ።

የትምህርት ቤቱ ማእዘን በሚቀጥለው ዓመት ተጠገነ። የጥገናውን ዝርዝር የተረጎመው ያው ሰው ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን መስመር «መውረጃ፣ ከአሸንዳው አፍ እስከ መሬት» ብሎ ጻፈው። ተቋራጩም ምንም ሳይጠይቅ ሠራው።